ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አራት ሴኮንድ

ግንቦት 16፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የማዋለጃ ክፍላችንን ነገር ልጽፍበት ብዬ ነበር። ሦስት ገጽ ሞልቼ ተውኩት። ዛሬ አዲስ ሥራ ስለተጣለብኝ ለእሱ ይሁን።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ እንዳለው ጠዋት ቢሮአቸው አስጠሩኝ። እናቶች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ሁሉ በቴሌቪዥን የሚታይ ቪዲዮ ከበላይ ታዟል፤ ከሦስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ እስከ ግንቦት 25 ይድረስ አሉ። ሥርጉት፣ የቀረጽሽው አንቺ ስለሆንሽ አንቺው ጨርሺው አሉኝ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የቀረጽኩትም ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ ስለተባልኩ ነው። ባለፈው ወር ቡሬ ሄጄ አምስት እናቶች አነጋግሬአለሁ፤ ስልኬ ውስጥ የአርባ አንድ ደቂቃ ንግግር ተቀምጧል። አርባ አንዱን ሦስት ማድረግ ነው እንግዲህ። ማዋለድ ይቀላል።

አልችልም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቤቷ ስትወልድ የምትቀር ሴት ምን እንደምትመስል ከዚህ ቤት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቪዲዮው ይሠራል።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ፍሬሕይወት ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፍሬ አብሮ አደጌ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ እሷ ያልቀረጸችው ሠርግ የለም። ክሊፖቹን በሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ገለበጠችና ስልኬ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነችልኝ። “ጀማሪ ሁሉ የሚሠራበት ነው፣ ፍታ በይ” አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮው ከታች በኩል እንደ ሪባን ተዘርግቶ ይታያል። የሪባኑን ጫፍ በጣት ይዞ ወደ ውስጥ ሲገፉት ያ የተገፋው ክፍል ይጠፋል። መሀሉን ለማውጣት ደግሞ መቀሷን ሁለት ቦታ መንካት፣ የማይፈለገውን መርጦ መጣል፣ የቀረው ራሱ ይገጥማል። ፍሬ እንዳለችው የተቆረጠው ከዋናው ፋይል አይጠፋም፤ ጫፉን መልሼ ብጎትተው ይመጣል።

መጀመሪያ የሞከርኩት አንዲት እናት ስታወራ ዶሮ የገባባትን ነው። ዶሮዋን አወጣኋት። ሴትዮዋ ምንም ሳትቋረጥ ቀጠለች። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

ግንቦት 19፣ ዓርብ

ሁለት ምጥ። ምሳ የለም።

በመሀል በመሀል እየሰረቅኩ ስቆርጥ ዋልኩ። “እ…” የሚለውን ሁሉ፣ ሳሉን፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ስልክ ሲጮህ። አርባ አንዱ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። አሁን የሚቀረው የሚያሳሳ ነው።

ግንቦት 21፣ እሑድ

ዛሬ ፈረቃዬ ስላልሆነ ከቤት አልወጣሁም።

ከአምስቱ እናቶች የሚበልጠው የባንቺአየሁ ነው። ባንቺአየሁ ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ወይራ ገደል የሚባል መንደር ትኖራለች። የቀረጽኳት ልጇን ልታስከትብ ስትመጣ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሰው ያስቆማል። አንች እያለች፣ እንደ እህቷ እጄን ይዛ ነበር የምታወራኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ አወራች። ሰው ፊት ከማቅረቤ በፊት አሳይሻለሁ ብያታለሁ፤ ጊዜው ከበቃ።

ስለ ባሏ ስለ አለበል እንዲህ ትላለች፤ “ምጡ ማለዳ ጀመረኝ። ጤና ጣቢያ ውሰደኝ አልሁት። እምቢ አለ። ‘እናቴ ሰባታችንን እዚሁ ነው የወለደች፤ አንችም እዚሁ ትወልጃለሽ’ አለኝ። ቀትር አለፈ። ደም መጣኝ። ጮህሁ። አለበል ቆሞ ያየኛል።”

እዚህ ላይ ቆረጥኩት። ከዚህ በኋላ ድምፄን አስገባሁና “እህቶቼ፣ ቆሞ የሚያይን አትጠብቁ” አልኩ። ያስደነግጣል። ማስደንገጥ አለበት።

ከዚያ ወዲያ የምትለው ስለ ወንዙና ስለ መንገዱ ነው። ረጅም ነው፤ ለሌላ እናት የሚያስተምረው ነገር የለም። ሦስት ደቂቃ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ነው።

እህቴ ሰብሊ ብትኖር ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ትሞላ ነበር። ከዚህ ጋር አይገናኝም። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ግንቦት 25፣ ሐሙስ

አስረከብኩ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አራት ሴኮንድ። አቶ እንዳለው ሁለት ጊዜ አይተው መነጽራቸውን አወለቁና “ይህችስ ሴትዮ አስለቀሰችኝ” አሉ። ለባንቺአየሁ ሳላሳያት ቀረሁ። ወይራ ገደል መቼ ልሂድ።

ስልኬ ስለሞላ ነገ ክሊፖቹን አጠፋቸዋለሁ።

ሰኔ 2፣ ሐሙስ

ቪዲዮው በየጤና ጣቢያው መታየት ጀምሯል፤ በቴሌግራምም እየዞረ ነው። እዚህ እኛ ጋ በቀን አሥር ጊዜ ይከፈታል። የኔን ድምፅ መስማት ሰልችቶኛል፤ የባንቺአየሁ ግን ሁልጊዜ ክፍሉን ዝም ያሰኘዋል። በዚህ ሳምንት ብቻ ከወትሮው እጥፍ እናቶች ለክትትል መጡ። አንዲቱ ባሏን በእጁ ይዛ አምጥታዋለች።

ከቀትር በፊት የሰብሊ ባል፣ ክንዱ፣ ልጅቱን ይዞ መጣ። ሸጋዬ አምስት ዓመት ሞላት፤ ጉንፋን ይዟታል። እኔና ክንዱ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ በላይ አንነጋገርም። ሰብሊ ሸጋዬን ወልዳ የሞተች ለት ቤቱ የነበረው እሱ ነው። እኔ ቡሬ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። በማለዳ የጀመራትን ሰው እስከ ረፋድ ቤት ያስቀመጠ እሱ ነው። ይህን በቀብሯ ቀን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ተራ ሲጠብቅ ቪዲዮው ተከፈተ። በመስታወቱ አየሁት። ሲያልቅ ልጅቱን አቅፎ ተነሣና ወጣ። ተራው አልደረሰም ነበር።

የሥራ ሰው ነው፣ ቸኩሎ ይሆናል። አናጺ አይደል።

ሰኔ 7፣ ማክሰኞ

የወይራ ገደል ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለች። ቪዲዮው መንደሩ ገብቷል። ቡሬ ገበያ ላይ ጎረምሶች አለበልን ሲያዩ “ቆሞ-አየ መጣ” ይሉታል አለችኝ። በሬ ሊሸጥ ወስዶ ሳይሸጥ እየነዳ ተመልሷል።

የቀድሞ ስሙ ማን እንደነበር የሚጠይቅ ጠፋ አለችኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ያለችውን ነው ያለችው። አንድ ቃል አልጨመርኩባትም።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

አንድ ቃል አልጨመርኩባትም።

ሰኔ 10፣ ዓርብ

ለክትባት ወደ ማንኩሳ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ስለ ቪዲዮው እያወራች ነው። “ባሏማ በዚያች ቀን ሌላ ሴት ቤት ነበር አሉ” አለች። ሁለተኛዋ “ቆሞ ያየኛል አላለችም እንዴ?” ስትላት “እሱማ ለይሉኝታ ብላ ነው” አለች።

መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ያ ሰው ሌላ ሴት ቤት አልነበረም። ወንዙ ውስጥ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ሰምቼዋለሁ።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

ትናንት ሰኔ ሚካኤል ነበር፤ ወይራ ገደል ደብሩ ሚካኤል ነው። ኤክስቴንሽኗ ማታ ደውላ ነገረችኝ። የሰኔውን ማኅበር የሚያወጣው አለበል ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ማኅበርተኞቹ ዘንድሮ ሌላ ሰው ያውጣው ብለው ላኩበት። ምክንያት አልተናገሩም። አለበል ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ታቦቱ ሳይገባ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ሄዷል።

ባንቺአየሁ ደግሞ “ያችን ሲስተር ያሳየሻቸው እኔን አይደለም በሏት” ብላ ልካብኛለች።

ከሥራ በምሳ ሰዓት ወጥቼ ፍሬ ጋ ሮጥኩ። ስልኬ ላይ ያለው ቁራጩ ብቻ ነው፤ ዋናዎቹን አጥፍቻለሁ። ፍሬ የሰው ክሊፕ ወር ሲሞላው ከኮምፒውተሯ ታጠፋለች። አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አገኘነው።

የባንቺአየሁን ከፈትኩና የቆረጥኩበት ቦታ ላይ ጫፉን ይዤ ወደ ቀኝ ጎተትኩ። ፍሬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

“…አለበል ቆሞ ያየኛል፣ እግሩ ተሳስሮ። ወዲያው እንደ እብድ ሆነ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ማዶ ለቅሶ ሄዷል፤ ቃሬዛ የሚይዝ የለ። በጀርባው አዘለኝ። ወንዙ ሞልቷል። ውኃው ደረቱን አልፎት ነው ያሻገረኝ፤ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ። ሁለቴ ሊወስደን ነበር። ማዶ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ገመድ ጣሉልን። ከመኪናው መንገድ እስኪያደርሰኝ መሬት አላስነካኝም። ሆስፒታል ደም አነሳት ሲሉት ክንዱን ዘረጋ። ያሁኑ ደሜ የሱ ነው። ‘የእኔ ጥፋት ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው’ ሲል ነው የሰማሁት ስነቃ።”

ዐረፍተ ነገሩን መሀሉ ላይ ነው የቆረጥኩት። ነጥብ እንኳ የለበትም።

ፍሬ “ይህን ሰምተሽው ነበር?” አለችኝ።

ሰምቼው ነበር።

ሰኔ 14፣ ማክሰኞ

አቶ እንዳለውን ቪዲዮው ከየቦታው ይውረድ፣ አስተካክዬ ልስጥ አልኳቸው። ሙሉውን አሳየኋቸው። አዩና አገጫቸውን ዳበሱ። ክፉ ሰው አይደሉም። የበላይ አካል አመስግኖ ደብዳቤ ልኳል፤ ተሳስተናል ብንል ቀጥሎ የምንለውን ማን ያምነናል አሉ። ደግሞም ሴትዮዋ ያላለችውን አላስባልናትም አሉ።

የራሴን ቃል ከሳቸው አፍ ስሰማው ምን ያህል እንደሚያስጠላ ገባኝ።

ስህተቱ የኔ ነው፣ ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ፣ ጤና ጣቢያው ላይ አይደርስም አልኩ። በራስሽ ኃላፊነት ከሆነ እንግዲህ አሉ። ከዚያ በር ላይ ስደርስ፣ ሦስት ደቂቃው ግን እንዳያልፍ አሉኝ።

ሰኔ 19፣ እሑድ

እግሬ አብጧል። በሳፋ ውኃ ነክሬው ነው የምጽፈው።

ከቡሬ እስከ ወንዙ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ዝናቡ ቢጀምርም ወንዙ ገና አልሞላም፤ ጉልበቴ ድረስ ነው የመጣው፤ ያም ሆኖ ድንጋዩ አንሸራቶ አንዴ ጣለኝ። ደረትን ያለፈ ለት እንዴት እንደነበር መገመት አልቻልኩም።

ማዶ ስወጣ ቄስ ገብረ ኢየሱስን ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኘኋቸው። መስቀል አሳለሙኝ፤ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያውቁኝ ኖሯል፤ ድምፄን ከቪዲዮው። እስከ መንታው መንገድ አብረን ሄድን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳጉሳው አወሩኝ። ሲለዩኝ “ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሙሴን ባሕሩ አፋፍ ላይ አቁሞ መጽሐፉን የዘጋ ጸሐፊ ቢኖር፣ ሙሴን ያየ ሰው ምን ይለዋል?” አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። ባርከውኝ ሄዱ።

አለበል በረት እያጠረ ነበር። አርባ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። እንግዳ መሆኔን ሲያይ ተነሥቶ ሰላም አለኝ፤ ማንነቴን ስነግረው መጥረቢያውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና ሚስቱን ጠራ። ባንቺአየሁ ልጇን አዝላ ወጣች። ውኃ አመጣችልኝ።

“ይጠጡ” አለችኝ።

ቡሬ አንች ነበር ያለችኝ። ያን ጊዜ እጄን ይዛ ነበር።

ቁሜ ተናገርኩ። ምን እንደቆረጥኩ፣ የት ላይ እንደቆረጥኩ፣ ሳላሳያት እንደሰጠሁ። ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁ አልኩ። ከዚያም ስልኬን አውጥቼ ሙሉውን አሳየኋቸው። አለበል ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፤ ሚስቱ ስለ እሱ ለሌላ ሰው ምን እንዳለች ሰምቶ አያውቅም። ደሙ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ።

ስልኩን መለሰልኝና “የተናገረችው ውሸት የለበትም” አለኝ። “እምቢ ብያለሁ። ቆሜም አይቻለሁ፤ ምን ያህል እንደቆምሁ እግዜር ነው የሚያውቅ። ግን ያን ዕለት እንኳ ከዚያ ቦታ ተነሥቻለሁ። እርስዎ ነዎት እዚያው አቁመውኝ የሄዱ።”

ክፉውን አውጥቼ ወንዙን ብቻ አስቀምጬ አዲስ እሠራለሁ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል አልኩት።

“አይሆንም” አለ። “እምቢ ማለቴን አያውጡት። እንደኔው እምቢ የሚል ስንት አለ በዚህ አገር። እሱ ይስማው። እኔ የምለምን እንዲጨርሱት ነው።”

ባንቺአየሁ ያኔ ነው የተቀመጠችው። “ሰው ስላወራሁልዎ ቤቴን አፈረሱት” አለችኝ። አልጮኸችም። “ለምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ። አይተውት አያውቁ፤ ምን አደረገዎ?”

ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለተፈቀደ ነው አልኳት። አየችኝ። እንዳላመነችኝ አውቄአለሁ።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

ምን አደረገዎ።

ሰኔ 21፣ ማክሰኞ

ሌሎቹ እናቶች ላይ የቆረጥኩትን አንድ በአንድ መረመርኩ። እናቷ የከለከለቻት አለች፤ የእናቷን መጸጸት አስቀምጬላታለሁ። አማቷ ያዘገየቻት አለች፤ የአማቷን ጥሩነት ሙሉ አሥር ሴኮንድ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው መውጫ ያጣው።

ስቆርጠው እጄ አልዘገየም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ባንቺአየሁ ስትናገር አለበልን አልነበረም የማየው፤ ፊቱን እንኳ አላውቀውም ነበር። የማየው ሌላ ፊት ነበር። ይህን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ለባንቺአየሁም እነግራታለሁ።

ሰኔ 25፣ ቅዳሜ

ስድስት ጊዜ ሠርቼ ስድስት ጊዜ አፈረስኩ። አምስቱን እናቶች በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር ችግሩ። ዛሬ አራቱን ለሌላ ጊዜ አቆየኋቸው፤ ይህ የባንቺአየሁ ብቻ ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ አራት ደቂቃ ከሃያ መጣ። ምን ልጣል ብዬ ስፈልግ፣ አንድ ደቂቃ ከሃያ አምስት ሴኮንድ የኔ ድምፅ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄዬ፣ “እሺ”ዬ፣ ምክሬ፣ መደምደሚያዬ።

ሁሉንም አወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አምስት። ወንዙ ገባ፣ ገመዱ ገባ፣ ደሙ ገባ፣ እምቢታውም እንዳለ አለ። ቦታው እኮ ነበረ።

ፍሬ አየችውና “አሁን ሠራሽው” አለች። ለአቶ እንዳለው ፊርማዬ ካለበት ደብዳቤ ጋር ሰጠኋቸው። ሦስት ደቂቃ እንዳላለፈ አይተው ማኅተም አደረጉበት። የፊተኛው እንዲወርድ፣ ይኸኛው እንዲተካ ለየቦታው ተላከ።

ሰኔ 28፣ ማክሰኞ

የፊተኛውን ከቴሌግራም ማውረድ አይቻልም። ሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። አዲሱን ያዩት ጥቂት ናቸው፤ አያስደነግጥምና። አንዲት ባልደረባዬ “የበፊቱ ይሻል ነበር፣ ይህ ረዘመ” አለችኝ። የሚረዝመው በአንድ ሴኮንድ ነው።

ስለዚህ ወይራ ገደል ተመልሼ እሄዳለሁ። ሌላው አገር ቀስ ብሎ ይሰማል፤ ማኅበርተኞቹ ግን ከኔ እጅ ማየት አለባቸው። ፍሬ ኮምፒውተሯንና ድምፅ ማጉያዋን ይዛ አብራኝ ልትሄድ ቃል ገብታለች። ጠይቄአት አይደለም፤ ራሷ ናት ያለችው።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ሄድን። ዝናብ እስከ ቡሬ ድረስ አልለቀቀንም። ከወንዙ ወዲህ ኤክስቴንሽኗ በቅሎ ይዛ ጠበቀችን፤ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ጠቅልለን ጫንነው። እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ፍሬ ግማሹን መንገድ ስትሳደብ ግማሹን ስትጸልይ ነበር።

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ወደ ቀበሌው አዳራሽ እንዲያልፍ ነገሩልን። መስኮቱን በጆንያ ጋረድን። የሰው ብዛት፣ እርጥብ ጋቢ፣ ሙቀት። ማኅበርተኞቹ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አለበል ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው። ባንቺአየሁ ልጇን ይዛ ከጎኑ ነበረች።

ከመክፈቴ በፊት መናገር ነበረብኝ። “ከዚህ በፊት ያያችሁት የባንቺአየሁ ንግግር እኩሌታው ነው” አልኩ። “የቀረውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እህቴ በወሊድ ሞታብኛለች፤ በእሷ ባል የያዝኩትን ቂም እዚህ ሰው ላይ ተወጣሁት። አለበልን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ እናንተንም እጠይቃለሁ።”

ባንቺአየሁ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።

ፍሬ ከፈተችው። “ቆሞ ያየኛል” ላይ ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ቀጠለ። ሳቁ ጠፋ። ወንዙ ጋ፣ ገመዱ ጋ፣ ቄሱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ድገሙት አሉ። ደገምነው።

ከዚያ እኒያው ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ኃይለ ሚካኤል ይባላሉ፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት ናቸው። ስለ ቪዲዮው አንድም ቃል አልተናገሩም። “የሐምሌውን ሚካኤል ማን ነበር የሚያወጣ?” ብለው ጠየቁ። አንዱ እኔ ነኝ አለ። “አንተ ለነሐሴ ቆይ” አሉት። ወደ በሩ ዞሩና “አለበል፣ የሐምሌው ያንተ ነው። እኛም የሰኔው ዕዳ አለብን፤ ቀደም ብለን እንመጣለን” አሉት።

አለበል “እሽ አባቴ” አለ። አጠገቡ የነበረው ሰው ቦታ ለቆለት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ስንወጣ ባንቺአየሁ መንታው መንገድ ድረስ ሸኘችን። ልጇን አሳቀፈችኝ። ከባድ ናት። “እህትሽ ስሟ ማን ነበር?” አለችኝ።

ሰብሊ አልኳት።

“ነፍስ ይማር። ወንዙን ሳይሞላ ተሻገሩ፤ አንችም በሰላም ግቢ” አለችኝ።

ሐምሌ 6፣ ረቡዕ

ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት ተወለዱ። ሁሉም ደህና።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን እዚሁ ሁለት መንገድ ርቆ ለሚኖር ሰው አልተናገርኩም።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ ክንዱ ጋ ሄድኩ። ከቤቱ ደጃፍ የበር እንጨት እየላገ ነበር። ሸጋዬ ፍቅፋቂውን እየሰበሰበች ትጫወታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጥኩም፤ ልጅቱን ሰው ልኬ ነበር የማስመጣት። ሲያየኝ ልጅቱ የታመመች መስሎት እሷን አየ።

ያን ቀን የሆነውን ንገረኝ አልኩት። ከመጀመሪያው ጀምረህ።

መላጊያውን አስቀመጠ። ምን ይሠራልሻል አለኝ። ጠይቄህ ስለማላውቅ ነው አልኩት። ልጅቱን ጎረቤት ልኮ ተመለሰና የሚላገው እንጨት ላይ ተቀመጠ። ቀስ እያለ፣ እየተወ፣ እየጀመረ ነገረኝ። ደግሜ ደጋግሜ ‘ታዲያ ለምን’ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ያዝኩት።

ጎህ ሲቀድ ነው የጀመራት። ባጃጅ ይዞ መጥቷል፤ በር ላይ ቆሟል። ሰብሊ እምቢ አለች። “ሥርጉት ትምጣ፣ እሷ ካልያዘችኝ አልሄድም” አለች። እሷ ቡሬ ናት ቢላት ትደርሳለች አለች። እኔ ዘንድ ደወለ። አራት ጊዜ። ስልኬ ዝግ ነበር፤ ሥልጠናው ክፍል ስትገቡ ዝጉ ተብለን ነበር። ለምኗት፣ ጎረቤት አስለምኖ፣ ረፋድ ላይ በግድ አቅፎ ባጃጁ ላይ ሲያወጣት ደሙ ጀምሯት ነበር። መንገድ ላይ የጠራችው የኔን ስም ነው።

አራቱን ጥሪ እኔም አውቃቸው ነበር። ማታ ስልኬን ስከፍት አይቻቸዋለሁ። ለማን ነግሬ አውቃለሁ? ለዚህ ደብተርም አልጻፍኩትም።

“በቀብሯ ቀን ያን ሁሉ ስልህ ለምን ዝም አልክ?” አልኩት።

እጁ ላይ የተሰካ ስንጥር እየነቀለ ቆየ። “አንዳችን ብንሸከመው ይበቃል ብዬ” አለ። “አንች ደግሞ ሌላ ሴት ማዋለድ ነበረብሽ።”

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ ገብቶ ውኃ አመጣልኝ። ሳልሰማው እንደፈረድኩበት፣ ሌላ ሰውም በእሱ ቂም እንደጎዳሁ ነገርኩት። ቪዲዮውን ያየ ቀን ለእሱ የተሠራ እንደመሰለው ነገረኝ። ለእሱ ነበር አልኩት።

ሸጋዬ ከጎረቤት ስትመለስ ሁለታችንን አንድ ላይ አይታ በሩ ላይ ቆመች። ወዲያው ግን ክንዱ ጭን ላይ ተቀምጣ እኔን እግሬን በእግሯ ትነካኝ ጀመር።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን የሰብሊ መቃብር ጋ እንሄዳለን። እስከ ዛሬ እሱ በጠዋት፣ እኔ ከሰዓት ነበር የምንሄድ።